ትንሿ ሰንጢና ትልቁ መጋዘን

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ በጡረታ የተሰናበቱ የመጋዘን ኃላፊ ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃል)








ዛሬ ጠዋት ወደዚህ አዳራሽ ስገባ በር ላይ የቆሙት የጥበቃ ባልደረቦቻችን እንደ ማንኛውም ሰው ፈተሹኝ። ከኮቴ ኪስ አንዲት ሰንጢ ወጣች። ከመካከላቸው በዕድሜ ለጋ የሆነው ልጅ አገላብጦ አያትና፣ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሰንጢ ምን ያደርግልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። «ልጄ፣ መልሱ ረዘም ይላል፤ መድረክ ላይ እናገረዋለሁ፤ ተራህን ስትጨርስ ግባና ስማ» አልሁት። ሰንጢዬን ተቀብሎ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ሰጠኝ። ካርቶኗ ይችውና በእጄ ናት። መቀበሉ ትክክል ነው፤ ለምን ትክክል እንደ ሆነም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ጥያቄውን ልመልስለት።

ከእኔ በፊት ወደዚህ መድረክ የወጡት ስለ ካፒታላችን፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል። የእኔ ርእስ ከዚያ ጎን ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከመዳፍ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ረጅም ዘመን በመጋዘን ውስጥ ስሠራ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ትልቁን ሀብታችንን ብዙ ጊዜ የሚያሳጣን ትልቅ አደጋ አለመሆኑ ነው። የሚያሳጣን በሰዓቱ ያልተቆረጠ ገመድ፣ በሰዓቱ ያልጠበቀ ብሎን፣ በሰዓቱ ያልወጣ እሾህ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

የአሥራ ሰባቱ ከረጢት ነገር

ነገሩ የሆነው በአንድ መሠረታዊ ማኅበር የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወሩ ጥር ነበር። የስንዴ ግዢ ደርቶ መጋዘኑ ሞልቷል፤ የቀረውን እህል አባላት ያመጡት ደጅ ላይ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሮ ሚዛን ይጠብቃል። ለመጠባበቂያ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሸራ ነበረን። ሌላ ማኅበር ተውሶት ሲመልስ ጠቅልሎ፣ በናይለን ገመድ ጠፍሮ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ አድርጎ ነበር የመለሰው። እኔም «ለጥር ዝናብ ማን ይፈራል?» ብዬ ሳልፈታው እንደ ተጠቀለለ ግድግዳ ሥር አስቀመጥሁት።

ከቀትር በኋላ ደመናው ከየት መጣ ሳይባል ሰማዩን ሸፈነው። ሮጠን ሸራውን አወጣነው። ቋጠሮው አልፈታ አለ። አንዱ በጥፍሩ ሞከረ፣ አንዱ በጥርሱ፣ አንዱ በድንጋይ ይቀጠቅጠው ጀመር። በሳብነው መጠን ናይለኑ እየጠበቀ ሄደ። በግቢው ውስጥ ከሠላሳ ሰው የማናንስ ነበርን፤ ስለት የያዘ ግን አንድ ሰው አልተገኘም። አንድ ልጅ ቢላዋ ሊያመጣ ወደ ቅርብ ቤት ሮጠ። እስኪመለስ ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ ዝናቡ ግን ሃያ ደቂቃ አልጠበቀንም። ሸራው ሲዘረጋ አሥራ ሰባት ከረጢት ስንዴ ርሶ ነበር።

እህል የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ለማከማቻ የሚገባ ስንዴ እርጥበቱ ከመቶ አሥራ ሦስት እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን ክምሩ ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝም ይመቸዋል፤ ደረቁ ከረጢት ጎን ቢያስቀምጡት ደረቁንም ያበላሻል። ስለዚህ አሥራ ሰባቱን ለይተን፣ አፍስሰን፣ ቀን እያሰጣን ማታ እየሰበሰብን ቀናት ፈጀን። ከፊሉ ግን መልኩ ጠቆረ፣ ሽታውም ተለወጠ፤ በዝቅተኛ ዋጋ ነው የተሸጠው።

ከረጢቶቹ ገና አልተመዘኑም ነበርና ጉዳቱ በቀጥታ የባለቤቶቹ ሆነ። ከአሥራ ሰባቱ አራቱ ባለቤታቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት ነበሩ። በዚያ ስንዴ የማዳበሪያ ብድራቸውን ሊከፍሉ አስበው ነበር። ኮሚቴው በኋላ ተሰብስቦ የዋጋውን ቅናሽ ማኅበሩ እንዲጋራ ወሰነ። ሆኖም ያን ዕለት እኒያ እናት ወገቤ ላይ የተንጠለጠለውን የቁልፍ ዘለላ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቁልፍ ተሸክመህ አንዲት ቢላዋ አጣህ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰንጢ ገዛሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ ያለ ሰንጢ ወደ መጋዘን ገብቼ አላውቅም። ሸራ ነበረን፣ ጉልበት ነበረን፣ ደመናውንም ቀድመን አይተነው ነበር። የጎደለችው ሸራውን ከሰዎቹ ጋር የምታገናኘው አንዲት ትንሽ ስለት ናት።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ባለብዙ አገልግሎት ሰንጢ ሲያዩ የፈረንጅ መጫወቻ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት የእናቴ አንገት ላይ ነው። እናቶቻችን ከማተባቸው ጋር ወረንጦና የጆሮ ኩክ ማውጫ አንጠልጥለው ይዞሩ እንደ ነበር በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። ልጅ እሾህ ወግቶት እያለቀሰ ሲመጣ ወደ ጓዳ መሮጥ የለም፤ ወረንጦው አንገት ላይ ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት ወስፌዋን አትለይም። መሣሪያ የሚጠቅመው ችግሩ በተነሣበት ቦታና ሰዓት ሲገኝ መሆኑን እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል።

አባቴም በበኩሉ አንዲት አሮጌ ሰንጢ ከኪሱ አትጠፋም ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከእርከን ማሳ ላይ ሲያርስ ግራ በሬው አዳልጦት ከእርከኑ በታች ወደቀ። ቀንበሩ ተጣመመና የማነቆው ማሰሪያ የበሬውን አንገት ያዘው። በሬው ዓይኑ ፈጠጠ፣ ምላሱ ወጣ። የክብደቱ ኃይል ማሰሪያውን ስለ ወጠረው በእጅ መፍታት የማይሞከር ነበር። አባቴ ሰንጢውን አውጥቶ አዲሱን ጠፍር በአንድ ምት በጠሰው። አጠገቡ የነበረው ሰው «አይ፣ ጠፍሩን አጠፋኸው» ሲለው፣ «ጠፍር በጠፍር ይተካል፤ የሰው በሬ በምን እተካለሁ?» አለው። በሬው የእኛ አልነበረም፤ በመቀናጆ ያመጣነው የጎረቤት በሬ ነበር። ያ ባይተርፍ ኖሮ የሁለት ቤት እርሻ ነበር የሚቆመው።

ከወታደር ኪስ የወጣች ዕቃ

ዛሬ በገበያ የምናያት ባለብዙ አገልግሎት ሰንጢ ታሪክ ለእኛ ለኅብረት ሥራ ሰዎች የሚያስተምረው ነገር ስላለው በአጭሩ ላንሣው።

እ.ኤ.አ. በ1884 ካርል ኤልዘነር የተባለ ቢላዋ ሠሪ በስዊዘርላንድ፣ ሽቪትስ በተባለው ክፍለ ግዛት፣ ኢባክ በምትባል ስፍራ አነስተኛ ፋብሪካ ከፈተ። በዚያ ዘመን ስዊዘርላንድ የዛሬዋ ሀብታም አገር አልነበረችም፤ ሥራ ያጣ ሕዝቧ ባሕር እያቋረጠ ይሰደድ ነበር። የአገሩ ጦር በ1889 የወጣውን አዲስ ጠመንጃ ሲታጠቅ ጠመንጃውን ለመፍታት ካቻቢቴ፣ የታሸገውን ስንቅ ለመክፈት ደግሞ የቆርቆሮ መክፈቻ ለእያንዳንዱ ወታደር አስፈለገው። ስለዚህ አራት ነገሮች ያሏት ሰንጢ ታዘዘች፤ ስለት፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ካቻቢቴና ወስፌ። በአገሩ ውስጥ ያን ያህል ሰንጢ የሚያመርት ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት በጀርመን አገር፣ ዞሊንገን በተባለች ከተማ ነበር።

ኤልዘነር የአገሩን ቢላዋ ሠሪዎች ሰብስቦ በ1891 ማኅበር አቋቋመ። ዓላማውም ሥራው በአገር ውስጥ እንዲሠራ ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ሰንጢ ለጦሩ አስረከቡ። ነገር ግን የጀርመኑ ፋብሪካ በርካሽ ዋጋ ማቅረብ ሲችል የማኅበሩ ባልደረቦች አንድ በአንድ ጥለውት ወጡ። ኤልዘነር ብቻውን ቀረና ከኪሳራ አፋፍ ደረሰ፤ ዘመዶቹና አበዳሪዎቹ ታግሠው ባይደግፉት ኖሮ ፋብሪካው ይዘጋ ነበር። በ1897 ቀለል ያለችና ተጨማሪ ስለት ያላት የመኮንን ሰንጢ አወጣ። ዓለም የወደዳት ያችኛዋ ናት። ፋብሪካው በኋላ «ቪክቶሪኖክስ» የተባለው በእናቱ በቪክቶሪያ ስምና የማይዝግ ብረት በሚጠራበት «ኢኖክስ» በሚለው ቃል ነው።

በመኸር ወራት ነጋዴ ጥቂት ብር ጨምሮ ሲጠራን ከማኅበራችን የምንሸሽ አባላት ይህን ታሪክ ልናስበው ይገባል። ርካሽ ዋጋ ሲመጣ የወጡት የዚያን ቀን ኪሳራ አመለጡ፤ በኋላ የመጣውን ትርፍ ግን አላዩትም።

ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ ፒንሳ ያለው ነው። ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት መኪና አውሮፓን ሲጎበኝ መኪናይቱ እየተበላሸች አስቸገረችው። በኪሱ የያዛት ሰንጢ ትቆርጣለች እንጂ አትይዝም፤ ፒንሳ አማረው። ወደ አገሩ ተመልሶ ፒንሳ ያለው የኪስ መሣሪያ ሲሠራ ዓመታት ፈጀበት፤ ብዙ ድርጅቶችም አንቀበልም አሉት። በ1983 ለገበያ አወጣው። ሽቦ ለሚጠመዝዝ፣ ምስማር ለሚነቅል፣ ብሎን ለሚያጠብቅ ገበሬ ከሁለቱ የሚሻለው ይኸኛው ነው ባይ ነኝ።

በገበሬው ውሎ ውስጥ

ወደ ሥራችን እንመለስ። እነዚህን መሣሪያዎች በየዕለቱ ለምን እንደ ተጠቀምሁባቸው ከብዙው ጥቂቱን ልናገር።

አንደኛ፣ ከረጢት አከፋፈት። በመኪና የተሰፋ ከረጢት ስፌቱ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። ክሩን በትክክለኛው ጫፍ በኩል ቆርጦ የሚስብ ሰው በአንድ ጊዜ ሙሉውን ይተረትረዋል፤ ከረጢቱም ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፋል። በማጭድ ሆዱን የሚቀድደው ሰው እህሉንም ይደፋል፣ ከረጢቱንም ያጠፋል። በተለይ ነቀዝ ለመከላከል የምንጠቀምበት ሦስት ድርብ የሆነው «ፒክስ» የተባለው ከረጢት አየር ባለማስገባቱ ነው የሚሠራው። ከውስጥ ያሉት ሁለቱ ላስቲኮች በስለት ጫፍ ከተበሱ ተራ ከረጢት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ማሰሪያው በእጅ ይፈታል፤ ካስቸገረም ገመዱ ብቻ በጥንቃቄ ይቆረጣል እንጂ ስለት ወደ ላስቲኩ አይጠጋም።

ሁለተኛ፣ ችግኝ ተከላ። በየክረምቱ በምንወጣባቸው የተከላ ዘመቻዎች ችግኙን ከነላስቲኩ የሚቀብር ሰው አይታጣም። ላስቲኩ ካልወጣ ሥሩ ዞሮ ዞሮ ይጠቀለልና ችግኙ በበጋ ይደርቃል። ላስቲኩን በጎን በኩል ከላይ ወደ ታች በሰንጢ ሠንጥቆ፣ አፈሩ ሳይፈርስ አውጥቶ መትከል ነው ደንቡ። የወጣውም ላስቲክ ከብት እንዳይበላው ተሰብስቦ መወገድ አለበት።

ሦስተኛ፣ የጋማ ከብት። አህያና በቅሎ ኮቴያቸው ውስጥ ጠጠር ሲገባ ማነከስ ይጀምራሉ። ጠጠሩን የሚያወጣው የስለቱ ጫፍ ሳይሆን ደብዛዛው ካቻቢቴ ነው፤ ከተረከዝ ወደ ጣት አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። ጭነት ያዳላበትን እንስሳ ገመድ ወዲያው ቆርጦ ማሳረፍም ከገጣባ ያድናል።

አራተኛ፣ የማሽን ጥገና። የውኃ ፓምፕ የመምጠጫው ወንፊት በሣር ሲዘጋ፣ የወፍጮው ቺንጊያ መሸፈኛ ብሎን ሲላላ፣ የበር ማጠፊያ ሲወልቅ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ በኪስ ካለ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። ከሌለ ሰው ወደ ከተማ ይላካል፤ ቀኑም ይሄዳል። ሞተሩ ሳይጠፋ ግን እጅ አይገባም።

አምስተኛ፣ እሾህና ስንጥር። ብዙዎቹ ሰንጢዎች ወረንጦ አላቸው። ተነቅሎ ያልወጣ እሾህ መግል ይይዝና በአጨዳ ወቅት አንድ ሠራተኛ ከሥራ ያስቀራል። ወረንጦውንና እጅን በሳሙና ታጥቦ ማውጣት፣ ቁስሉንም ማጠብ ነው።

የማትሠራውንም እንወቅ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው የሚለየው የት እንደማይጠቀምበት በማወቁ ነው።

በመጀመሪያ፣ የፀረ ተባይ መርጫ። የመርጫው አፍንጫ ሲዘጋ በአፍ የሚነፋ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ አመሻሹን ሲያስታውከውና ሲያንቀጠቅጠው ወደ ጤና ጣቢያ ወስደነዋል። በአፍ መንፋት መርዝ መቅመስ ነው። በሌላ በኩል «ሰንጢ አለኝ» ብሎ በወስፌ ወይም በሽቦ የሚጎረጉርም ሰው ተሳስቷል። ቀዳዳዋ ጥቂት ከሰፋች መድኃኒቱ ከልኩ በላይ ይፈስሳል፣ ርጭቱም እኩል አይሆንም። አፍንጫው ተፈትቶ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ነው የሚጸዳው። ለዚህ ሥራ የነካነው መሣሪያ ሳይታጠብ ወደ ሽንኩርትና ወደ ዳቦ አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ሰንጢ የሐኪም ዕቃ አይደለችም። እንጥል ለመቁረጥ፣ የሕፃን እትብት ለመቁረጥ፣ የወተት ጥርስ ለመንቀል የምትውል ስለት ልጅ ትገድላለች። ደም መፍሰስ አለ፤ መንጋጋ ቆልፍ አለ። እነዚህ ልማዶች ጎጂ መሆናቸው በየመድረኩ ተነግሯል፤ እኔም ስለ ስለት ስናገር ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ። የአብዛኞቹ ኪስ መሣሪያዎች እጀታ ብረት ነው፤ ከኤሌክትሪክ አይከላከልም። መብራት ሳይጠፋ መክፈት ክልክል ነው።

አራተኛ፣ ሚዛን። በመንግሥት አካል ተመርምሮ የታሸገ ሚዛን ብሎኑ ቢላላም ማኅተሙን በራሳችን ካቻቢቴ አንከፍትም። አስተካክላለሁ ብሎ የነካ ሰው በአባላት ዓይን ሌባ መምሰሉ አይቀርም። ሚዛኑን አቁሞ የሚመለከተውን አካል መጥራት ነው።

አምስተኛው የበሩ ጉዳይ ነው። ሰንጢ በማሳ መሣሪያ ናት፤ በስብሰባ፣ በበዓል፣ በመጠጥ ቤትና በጠብ መካከል ግን ሌላ ነገር ናት። ከብዙ ሕዝብ መካከል የማን ልብ ምን እንደ ያዘ ጠባቂው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የእኔንም የወጣቱንም እኩል መቀበሉ ሥርዓት ነው። በአውሮፕላን የምትጓዙም ብትሆኑ በእጅ ሻንጣ አትያዝም፤ ጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ነው የምትቀመጠው። ወደ ገበያ የምንወጣውም ሥራችን የማይጠይቃት ከሆነ ቤት ትቅር። «ሰንጢ የያዘ ሁሉ ጠበኛ ነው» የሚለው ወሬ የሚጠፋው እኛ በአግባቡ ስንይዛት ነው።

አመራረጥና አያያዝ

ስትገዙ ስለቷን ከፍታችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። የሚንገዋለል ከሆነ ተዉት። የሚቆለፍ ስለት ያላት ትመረጣለች፤ በሥራ መካከል ታጥፋ ጣት አትቆርጥምና። የመሣሪያው ብዛት አያታልላችሁ። ሃያ ነገር ኖሯት አንዱም የማይረባ ከምትሆን፣ ስለት፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ወስፌና ወረንጦ ብቻ ያላት ጠንካራ ትሻላለች። በታወቀ ስም ተመስለው የሚሠሩ ደካማ ዕቃዎች በገበያ ሞልተዋል፤ ስሙን ሳይሆን ብረቱን እዩ።

የማይዝግ የሚባለውም ብረት ካልተጠበቀ ይዝጋል። ጨው፣ ሎሚ፣ ማዳበሪያና የከብት ሽንት የስለት ጠላቶች ናቸው። ከሥራ በኋላ ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ማጠፊያው ላይ አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርጉበት። የምግብ ዘይት ቆይቶ ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ደነዝ ስለት ከስል ስለት የበለጠ ሰው ይቆርጣል፤ ምክንያቱም በኃይል ስንገፋው ያመልጠናል። አሳሳሉ እንዲህ ነው። ሰንጢውን በመሳያው ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ከዚያ ግማሽ አጋድሉት፤ እንደ ገና የቀረውን ግማሽ አጋድሉት። ከዚያም ጥቂት ዝቅ ስታደርጉት ከሃያ ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ልኩ ይኸው ነው። በሁለቱም ጎን እኩል ሳሉ። ስትቆርጡ ስለቱ ከሰውነታችሁ ወደ ውጭ ይሂድ፤ ለሰው ስታቀብሉ አጥፋችሁ ስጡ፤ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አኑሩ።

ከማኅበራችን የሚጠበቀው

እስካሁን የተናገርሁት ለእያንዳንዱ አባል ነው። አሁን ደግሞ ለኮሚቴዎቻችንና ለሥራ ኃላፊዎች ሦስት ሐሳብ ላቅርብ።

የመጀመሪያው፣ በየመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን አንዲት ደህና ባለፒንሳ መሣሪያ፣ አንድ የመሳያ ድንጋይ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎና ጥቂት ሽቦ ይኑር። በንብረት መዝገብ ይመዝገብ፤ ኃላፊው ሲቀየር ከቁልፉ ጋር ይረከብ። የእኔን የቁልፍ ዘለላ አስታውሱ፤ ቁልፍ ብቻውን እህል አያድንም።

ሁለተኛው፣ ዩኒየናችን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጅምላ ገዝቶ ለአባላት እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ የእጅ መሣሪያንም በጅምላ ቢገዛ አባላት ከችርቻሮው ባነሰ ዋጋ ያገኙታል፤ ጥራቱንም የሚመረምር ሰው ይኖረዋል። ብቻውን ገበያ የወጣ አባል በደካማ ዕቃ ይታለላል። ማኅበር የተቋቋመውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሥልጠና ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን ስለ መርጫ አያያዝ ሲያስተምሩ አንድ ሰዓት ጨምረው የመርጫ አፍንጫ አጸዳድን፣ የስለት አሳሳልን፣ የከረጢት አከፋፈትን ያሳዩ። ለሴቶች አባላትም እኩል ይድረስ። በብዙ ቤት የእህሉ ማከማቻ በእነርሱ እጅ ነውና።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ባለፒንሳዋ መሣሪያ ማረሻ አትተካም፣ መካኒክም አትተካም። የምትሠራው ትንሿ ብልሽት ትንሽ እንደ ሆነች እንድትቀር ነው። ከዚያ በላይ ከእርሷ አልጠበቅሁም፤ በዚያ ግን አንድም ቀን አላሳፈረችኝም።

ንግግሬን ከመደምደሜ በፊት በሩ ላይ ለጠየቀኝ ልጅ መልሱን ልስጥ። ከኋላ ቆመህ ሳይህ ደስ ብሎኛል። ልጄ፣ ሰንጢ በዚህ ዕድሜዬ የምታደርግልኝ ይህ ነው። አሥራ ሰባቱን ከረጢት መልሳ አትሰጠኝም። አሥራ ስምንተኛው ግን በእጄ አልረጠበም። እኒያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጃቸው ግን የማኅበራችን አባል ሆኖ እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት መጋዘን መጥቶ ስንዴውን ሲያስረክብ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ የከረጢቱን ክር ሳይቀድድ ሲፈታ አየሁት። ምንም አላልሁትም። እርሱም ለምን እንደ ሳቅሁ አልጠየቀኝም።

ካርቶኗን ይዤ አሁን ወደ በሩ እሄዳለሁ።

መጪው ዘመን ለዩኒየናችን የሥራና የበረከት ዘመን ይሁንልን።